«ፖሊሱ ሰውዬ» ነኝ፤ ስለ ትወና ሥራ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ነኝ። ቀረጻ የለም፤ ውርጩ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከብርድ ልብስ አላስወጣ ብሎኛል። ቁጭ ብዬ ከማንጎላጅ ጥያቄ ልቀበል አልኩ።

ማንነቴን በአጭሩ። የተወለድኩት መንዝ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት እዚሁ ደብረ ብርሃን። ካሜራ ፊት መቆም ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆነኝ። ተከታታይ ድራማ ላይ ሠርቻለሁ፣ ፊልም ላይ ሠርቻለሁ፣ መድረክም ሞክሬያለሁ፣ ለውጭ ድራማ ድምፅም ሰጥቻለሁ። ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ፊቴን ግን ሳታዩት አልቀራችሁም፤ ፖሊስ፣ ሚዜ፣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የዕድር ዳኛ፣ ከዚያ እንደገና ፖሊስ። ታክሲ ውስጥ «ያ ፖሊሱ ሰውዬ አይደለህም?» እባላለሁ። ነኝ። መሪ ተዋናይ የሆንኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለ ቀይ ምንጣፍ ብዙ የማወራው የለኝም። ስለ ሥራው ግን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ከደብረ ሲና፦ ዕድሜዬ 19 ነው። ተዋናይ ለመሆን የግድ አዲስ አበባ መኖር አለብኝ?

ወንድሜ፣ ለመጀመር የግድ አይደለም። ለመቀጠል ግን ብዙውን ጊዜ ግድ ይሆንብሃል። ጣቢያዎቹም፣ ፕሮዲዩሰሮቹም፣ ካሜራና መብራት አከራዮቹም እዚያ ናቸው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ይደወልና «ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ሎኬሽን ላይ ተገኝ» ትባላለህ። ደብረ ሲና ሆነህ በምን ትደርሳለህ?

እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የገፋሁት ከደብረ ብርሃን እየተመላለስኩ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ እቆማለሁ፤ 2 ሰዓት ገደማ ላምበረት እወርዳለሁ። ኦዲሽኑ (የተዋናይ መምረጫ ፈተናው) 3 ሰዓት ነው ይባላል። ወረፋ የሚደርሰኝ 9 ሰዓት ላይ ነው። የሚያዩኝ ለአራት ደቂቃ። ማታ ኮተቤ አክስቴ ቤት አድራለሁ። ስንት ጊዜ እንዳደርኩ አልቆጠርኩም፤ አክስቴ ግን ቆጥራዋለች፣ እስካሁን ትነግረኛለች።

አሁን ባለህበት ሆነህ የምትሠራው ሞልቷል። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ የወረዳ ኪነት ቡድን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጭውውት፣ ምንም ይሁን፣ ሰው ፊት ቁም። የደብረ ሲና የገበያ ቀን ሰው ወሬውን ትቶ ካዳመጠህ የትኛውም ካሜራ አያስፈራህም። በስልክህም ራስህን ቅረጽ። መጀመሪያ ስታየው ሼም ይይዝሃል። ሁላችንንም ይዞናል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተንክበትን ቀን ንገረን።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ሦስት ሰዎች አሉ። አዘጋጁ ባትሪ የሌለው ስልክ ሰጠኝና «ወንድምህ እንደሞተ እየተነገረህ ነው። አንተ የምትናገረው የለም» አለኝ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ልቅሶ አይነገረኝም። ስልኩን ወረወርኩት። ደረቴን ደቃሁ። «ወንድሜን!» ብዬ ወለሉ ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ። ስነሣ ሦስቱም ዝም ብለው ያዩኛል። ልባቸውን የነካሁት መሰለኝ።

አዘጋጁ ስልኩን ከመሬት አንሥቶ መልሶ ሰጠኝ። «አሁን ደግሞ ምንም አታድርግ» አለኝ። «ዝም ብለህ ስማ። ሰውየው ገና አልነገረህም። መጀመሪያ ሰላምታ ነው የሚሰጥህ። ከዚያ ይስላል። ከዚያ ስምህን ይጠራል።» ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በእውነት የሚያወራ ሰው ያለ መሰለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ፣ ነቀነቅኩ፣ ከዚያ አንገቴ ቆመ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም።

«አመሰግናለሁ፣ እንደውላለን» አሉኝ። «እንደውላለን» ማለት ባብዛኛው «አንደውልም» ማለት ነው። እነዚያ ግን በ11ኛው ቀን ደወሉ። ሁለት ሲን (ትዕይንት)፣ አንድ ቃል፦ «መታወቂያ!» ፖሊስነቴ በዚያ ተጀመረ።

ካሜራ ፊት ትልቁ ሥራ መስማት ነው እያልኩ ሰውን የማሰለቸው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ቃለ ተውኔቱን ማንም ይሸመድደዋል። ጓደኛህ ሲናገር የራስህን ተራ እየጠበቅህ ከሆነ ግን ካሜራው ያጋልጥሃል። ዓይንህ ላይ «ቀጥሎ እኔ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል።

ከደብረ ብርሃን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ የመድረክ፣ የቴሌቪዥንና የፊልም ትወና ልዩነቱ ምንድን ነው? ያው ትወና አይደለም?

ያው ነው፣ መጠኑ ግን ይለያያል። ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ስትቆም የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እማማም መስማት አለባቸው። ካሜራው ግን አንድ ሜትር ላይ ነው። እዚያ ቅንድብ ማንሣት ራሱ ጩኸት ነው። ከመድረክ የመጡ ጎበዝ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ካሜራ ፊት ቀሽም የሚመስሉት ለዚህ ነው። ልካቸውን እስኪያገኙ ነው።

ሁለተኛው የቅደም ተከተል ነገር ነው። መድረክ ላይ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትኖረዋለህ። ፊልም ግን በቦታ እየተሰበሰበ ነው የሚቀረጸው። አንዱ ፊልም ላይ መጀመሪያ የተቀረጸው ቀብሬ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ሠርጌን ቀረጽን። ስለዚህ እያንዳንዱ ሲን ላይ ከየት እንደመጣህ፣ ምን እንደምታውቅና ምን ገና እንደማታውቅ በራስህ መያዝ አለብህ። እኔ ስክሪፕቴ ጠርዝ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ «እዚህ ጋ ገና አልሰማም» ብዬ።

ፊልም ላይ ሙሉውን ስክሪፕት አንብበህ ትገባለህ። አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ስለሚሰላ 90 እና 100 ገጽ ይሆናል። ተከታታይ ድራማ ላይ ግን እናንተ 20ኛውን ክፍል ስታዩ ደራሲው 30ኛውን እየጻፈ ሊሆን ይችላል። ገፀ ባህሪህ እንደሚሞት የምታውቀው የዚያ ሳምንት ወረቀት እጅህ ሲገባ ነው። አንዴ እኔ መሞቴን የሰማሁት ከሜካፕ ባለሙያዋ ነው። «ዛሬ ደም ትፈልጋለህ ተብዬ ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ኮንቲኒቲ የሚባል ጣጣ አለ። ሾቶቹ፣ ማለትም ለየብቻ የተቀረጹት ምስሎች፣ ሲቀጣጠሉ ልብስህ፣ እጅህ፣ የብርጭቆህ ውሃ ልክ አንድ መሆን አለበት። ጣርማበር ላይ ስንቀርጽ ጉሙ ከታች ከቆላው እየተጎተተ ወጣ። ጋቢዬ ራሰ። ሰፊውን ሾት በእርጥብ ጋቢ ቀረጽን። ከዚያ ጉሙ ካሜራውን ጭምር ዋጠውና ሁለት ሰዓት ቆመን ጠበቅን። ፀሐይ ወጣች፣ ጋቢው ደረቀ። ክሎዝ አፑ (ፊትን ከቅርብ የሚያሳየው ሾት) ሊጀመር ሲል የኮንቲኒቲ ልጅቷ ስልኳ ላይ ያነሣችውን ፎቶ አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አንድ ሃይላንድ ውሃ ትከሻዬ ላይ ለቀቀችው። በዚያ ብርድ! ጥርሴ መንቀጫቀጭ ሲጀምር አዘጋጁ «ጥሩ ነው፣ እንደሱ ያዘው» አለ። ፊልሙን ያዩ ሰዎች ያቺን ቦታ እያነሡ «ፍርሃቱን እንዴት አድርገህ ነው ያመጣኸው?» ይሉኛል። ብርድ ነው፣ ወገኖቼ።

ከደነባ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ቴአትርና ፊልም የአዲስ አበባ ሰው ሥራ ይመስላቸዋል። ከሰሜን ሸዋ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ብዬ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

መምህር፣ እርስዎ ያሉበት ወረዳ ነው እኮ! የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሰያደብር ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። በ1913 ዓ.ም. ግድም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚለውን ጻፉ። አውሬዎች የሚነጋገሩበት ተረት ነው፤ ውስጡ ግን የጊዜውን አስተዳደር ይሸነቁጣል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እኚሁ ሰው ናቸው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። ተማሪዎችዎ የታሪክ መጽሐፍ ላይ ስማቸውን ለሕገ መንግሥቱ ሲያነቡ ለቴአትሩም እንዲያነሷቸው ያድርጉልኝ።

አላበቃም። «የትንቢት ቀጠሮ»ን እና «አኒባል»ን የጻፉት፣ የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡሊዬት» ወደ አማርኛ የመለሱት ከበደ ሚካኤል የመንዝ ሰው ናቸው። ወደ ተጉለት ይምጡ ደግሞ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ በ1948 ዓ.ም. ሲመረቅ የታየው «ዳዊትና ኦርዮን» የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ድርሰት ነበር። እሳቸውም ተጉለት ነው የተወለዱት። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም፤ እርስዎ ግን ይንገሯቸው።

ከተማችን ራሷ ስሟን ከብርሃን ነው ያገኘችው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ደብረ ብርሃን የተባለችው። የመብራት ባለሙያ ሁሉ ሲያልፍ ሊሳለማት ይገባ ነበር።

ከመሐል ሜዳ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። ተዋናይት ካልሆንኩ ብላ አስቸገረችኝ። ሰው ሥራው ረሃብ ነው ይለኛል። ምን ልበላት፣ ልጄ?

እናቴ፣ ረሃብ ነው ያለዎት ሰው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ሥራው ወቅት አለው፤ እንደ ክረምት ወንዝ ነው፣ ሲሞላ ይሞላል፣ ሲደርቅ ድንጋዩ ይታያል። እኔ ባንድ ዓመት ሦስት ሥራ ሠርቼ በሚቀጥለው ዓመት አንድም ስልክ ሳይደወልልኝ ከርሜያለሁ።

አይከልክሏት። ከከለከሏት ሳታስፈቅድዎት ትሄዳለች፣ ያ ደግሞ የከፋ ነው። ብቻ ፈተናዋን በደንብ ትፈተን፣ ሌላ የሚያበላ ሙያም ትያዝ። እኔ እዚህ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፊልም ውስጥ ሚዜ ከምሆንበት ይልቅ የእውነተኛ ሙሽሮች ፎቶ የማነሣበት ነው ልጆቼን ያስተማረው። አላፍርበትም። የፎቶ ቤቱ ገቢ ስላለኝ ደካማ ስክሪፕት ሲመጣ «ይቅርብኝ» ማለት እችላለሁ። ባዶ ኪስ ያለው ተዋናይ እምቢ ማለት አይችልም።

ከዓለም ከተማ፦ ዝም ብለህ ስንት ይከፈልሃል?

እሱን ባለቤቴም በትክክል አታውቀውም። አከፋፈሉን ግን ልንገርህ። ፊልም ላይ ብዙውን ጊዜ በጥቅል ትዋዋላለህ፣ ድራማ ላይ በክፍል ወይም በቀን። ጥቅሉ ለሦስት ይከፈላል፤ ሲፈረም፣ ቀረጻው ሲጋመስ፣ ሲያልቅ። አደገኛው ሦስተኛው ነው። ከቀረጻው በኋላ አንተን የሚፈልግህ የለማ! የፕሮዲዩሰሩ ስልክ ድንገት «ኔትወርክ አይሠራም» ይሆናል።

እኔን አንድ ፕሮዲዩሰር በቃል ተስማምተን ሦስተኛውን ሳይከፍለኝ ቀርቷል። «በኛ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል፣ ወንድሜ አይደለህ?» ብሎኝ ነበር። ፊልሙ ሲኒማ ገባ። ፖስተሩ ላይ ጢሜ ሳይቀር አለ። ትኬት ገዝቼ ነው ገብቼ ያየሁት። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ አስፈርመዋለሁ።

ውል ላይ እነዚህን እይ። ስንት የቀረጻ ቀን ነው፣ ከዚያ በላይ ከሆነስ? ትራንስፖርትና ምሳ የማን ነው? በኋላ ድምፅ ድገም ብትባል ይከፈልሃል ወይ? «በማናቸውም መንገድ ለማሰራጨት» የሚል ሐረግ ካለ ደግሞ ቆም በል። ፊልሙ ሲኒማ ላይ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ዩቲዩብ ላይ ለዓመታት ሲታይ የሚመጣው ገንዘብ ያንተ አይደለም ማለት ነው። መብትህን ልትሸጠው ትችላለህ፤ ብቻ እንደሸጥከው እወቅ።

ከሞላሌ፦ አነጋገሬ የመንዝ ነው። ኦዲሽን ላይ ሳቁብኝ። ልቀይረው?

የሀገሬ ልጅ፣ አትቀይረው፤ ሁለተኛ ጨምርበት። የከተማውን አማርኛ ተለማመድ፣ ምክንያቱም ብዙው ስክሪፕት በእሱ ነው የሚጻፈው። የቤትህን ግን እንዳትጥለው። እኔ ጥዬው ነበር። ሦስት ዓመት እንደ ዜና አንባቢ እያወራሁ እናቴን በስልክ ሳነጋግራት «ማን ልበል?» አለችኝ።

ነገሩ የቃና ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚጻፍ የገጠር ሰው አለ፤ የትም ሀገር የማይነገር «የገጠር አማርኛ» ያወራል። አንድ ስክሪፕት ላይ ልጁ ገብቶ አባቱን «አባቴ፣ በሬውን ሸጥኩት» ይለዋል። አዘጋጁን ለብቻው አነጋገርኩት። እኛ ዘንድ ልጅ አባቱ ፊት እንዲህ አይጀምርም። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ያወራል። ከዚያ ስለ ጎረቤት ከብት። ከዚያ ዝም ይላል። አባትየው ራሱ «በሬውስ?» ብሎ ይጠይቃል። እንደዚያ አድርገን ቀረጽነው። ሲኑ ላይ የቀረው ቃል ግማሽ አይሞላም፤ የሚያስጨንቀው ግን እጥፍ ሆነ። ያንን እውቀት የሰጠኝ የቴአትር ትምህርት አይደለም፣ አባቴ ነው።

ታዲያ ገበሬ ነኝ ብለህ አትኩራ። እኔ ከተማ ከርሜ የእርሻ ሲን ደረሰኝ፣ «ይሄማ የኔ ነው» ብዬ ገባሁ። እርፉን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ ጅራፉን አንገቴ ላይ አድርጌ ስከተል ጥማዱን ያከራዩን ሽማግሌ ከዳር ቆመው ያያሉ። ሦስተኛው ቴክ ላይ፣ ማለትም ሲኑን ለሦስተኛ ጊዜ ስንቀርጽ፣ አላስቻላቸውም። «ልጄ፣ አሁን እኮ በሬዎቹ ናቸው አንተን እያረሱህ ያሉት!» አሉ። ድምፅ ባለሙያው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቴኩ ተበላሸ። ያን ቀን ከሰዓት ቀረጻ ቆሞ እሳቸው አሠለጠኑኝ። በአንድ እጅ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ፣ ዓይን ወደ ፊት። ማታ መዳፌ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

ከእነዋሪ፦ እንባው እውነት ነው?

አንዳንዴ እውነት፣ አንዳንዴ ጠብታ። ከስምንተኛው ቴክ በኋላ የማንም እንባ ያልቃል። ውስኪው ሻይ ነው። እንጀራው ግን እውነተኛ ነው፣ በየቴኩ ትጎርሳለህ፤ ስለዚህ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ቁረስ።

ከደብረ ብርሃን፣ ስሜ ይቆይ፦ አንድ «አዘጋጅ ነኝ» የሚል ሰው ለሚና ሊያናግረኝ ማታ ሆቴል ነይ አለኝ። መሄድ አለብኝ?

አትሂጂ፣ እህቴ። እዚህ ላይ አልቀልድም።

የእውነት ሥራ በቀን ነው፣ ቢሮ ወይም ልምምድ ቦታ ነው፣ ከአንድ ሰው በላይ ባለበት ነው። ስክሪፕት ወይም ቢያንስ የምትፈተኚበትን ገጽ አስቀድሞ እንዲልክልሽ ጠይቂ። ከዚህ በፊት ምን እንደሠራ ጠይቂና አብረውት የሠሩ ሴቶችን ፈልገሽ አነጋግሪ። ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ «ለምን ሰው ይዘሽ መጣሽ?» ካለሽ መልስሽን አገኘሽ። ለመመዝገቢያ ወይም ለኦዲሽን ገንዘብ ክፈይ የሚልሽንም እንዲሁ። ተዋናይ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም።

እኔ ወንድ ስለሆንኩ ያ ስልክ አልተደወለልኝም። አብረውኝ የጀመሩ ጎበዝ ሴት ልጆች ግን በዚህ ምክንያት ሥራውን ትተው ወጥተዋል። ከእኔ የተሻሉ ነበሩ።

ከፍቼ፦ ቃና ቴሌቪዥን የተዋናዩን እንጀራ ወሰደው ይባል ነበር። አንተስ ምን ትላለህ?

ቃና በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር እኔም ከተቆጡት አንዱ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ማታ ማታ ቱርክ ሄዶ የሚያድር ይመስል ነበር። ለሀገር ውስጥ ድራማ ይውል የነበረው ማስታወቂያ ወዴት እንደሚሄድም አሳስቦናል። ቁጣው ከንቱ አልነበረም።

ግን ሥራ ጠፍቶብኝ የቆየሁ ጊዜ ድምፅ ስጥ ስባል ሄድኩ። ብዙ ተማርኩበት። ጆሮህ ላይ የውጭው ድምፅ፣ ዓይንህ ላይ የሰውየው ከንፈር፣ እጅህ ላይ አማርኛው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰውየው ግን የሚጮኸው መጀመሪያ ላይ ነው። የተርጓሚዎቹ ጭንቀት እዚያ ላይ ነበር። ሌላው ጥቅሙ ተመልካቹ ተካነ። ደካማ መብራትና የተጎተተ ሲን እንደድሮው ዝም ብሎ አያልፍም። የኛ ድራማዎች ድምፅና ምስል ከዚያ ወዲህ መሻሻሉን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱንም ነው የምለው፤ ጎድቶናልም፣ ቀስቅሶናልም።

ከአንኮበር፦ ዲግሪ ያስፈልጋል?

ማንም ዲግሪህን አይጠይቅህም። ትምህርቱ ግን ይጠቅማል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ መግቢያ ጀምሮ ቴአትር ያስተምራል፤ ከዚያ የወጡ ሰዎች ስክሪፕት ሲያነቡ ቶሎ ይገባቸዋል። እኔ በአጫጭር ሥልጠና ነው የመጣሁት፤ እነሱ በአንድ ቀን የሚያዩትን እኔ በሳምንት ነው የማየው። ዕድሉ ካለህ ተማር። ከሌለህ መጽሐፍ ጮክ ብለህ አንብብ፣ በየቀኑ፣ ሌላ ሰው ባለበት።

ከሸኖ፦ አጃቢ ሆኖ መጀመር አያዋርድም?

አያዋርድም። ቀኑን ሙሉ በነፃ ቀረጻ ታያለህ፤ ምሳም አለ። ብቻ ካሜራውን እንዳታየው!

ከጫጫ፦ ከኛ ሰው የውጭ ፊልም ላይ የሠራ አለ?

አለ። ደበበ እሸቱ በ1965 ዓ.ም. ግድም የአሜሪካኖቹ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ ተጫውቷል። ያኔ የኛ ቴሌቪዥን ራሱ ገና የ8 ዓመት ልጅ ነበር፤ በ1957 ዓ.ም. ነው የተከፈተው።

ከሞጃ፦ ለመማር ምን ልይ?

የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፈልገህ እይ። በ1968 ዓ.ም. የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። የሚበዙት ተጫዋቾች ባለሙያ አይደሉም፣ የሠፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ቀረጻውም ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የፈጀው። ማንም ሲቸኩል አታይም። በ2007 ዓ.ም. ካን ፌስቲቫል ላይ የታየውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ»ም እይ። አንድ ልጅና በጉ ናቸው። መንዜ ነኝና በግ ያለበት ፊልም ላይ ፍርዴ ይዛባል፤ ቢሆንም ልጁ ሲያዳምጥ ተመልከተው።

ድምፁን አጥፍተህም እይ። ድምፁ ጠፍቶ ታሪኩ የሚገባህ ከሆነ ተዋናዩ እየሠራ ነው።

ከአረርቲ፦ ዝና ምን ይመስላል?

ለእኔ ትንሽ ነው የደረሰኝ። «ሰው ለሰው» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ይታይ በነበረበት ጊዜ ሰው አበበ ባልቻ የሚጫወተውን ክፉውን አስናቀን ለመጥላት እንዴት ይቸኩል እንደነበር አስታውሱ። ያ ትልቅ ስኬት ነው። የእኔ ደረጃ እዚህ ደብረ ብርሃን ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ገብስ የሚሸጡ አንዲት እናት ትክ ብለው አዩኝና «አንተ ነህ ያንን ምስኪን ልጅ ያሰርከው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ እማማ፣ ታዝዤ ነው» አልኩ። «ለምን እምቢ አላልክም?» አሉ። መልስ አጣሁ። ገብሱንም በውድ ነው የሸጡልኝ።

ከደብረ ብርሃን፦ አጭር ፊልም ስክሪፕት ጽፌያለሁ። ቅዳሜ ካለህ ይዤ ብመጣ ታነብልኛለህ?

ና። ከ12 ገጽ አይበልጥ። ሁለት ኮፒ ያዝ፤ አንዱን አንተ ጮክ ብለህ ታነባለህ፣ እኔ እሰማለሁ። ከ4 ሰዓት በፊት እንዳትመጣ፣ ፀሐይ ወደ በረንዳዬ የምትደርሰው ያኔ ነው። ጋቢም ያዝ።